ኪሱ ውስጥ ያልነበረው ስልክ

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው።

ቀኝ እጅ የለኝም። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ፣ ነጥብ ብረሳ ታገሡኝ።

«ፈጠራ ነው» ብሎ ኮሜንት የሚጽፍልኝን ግን አልታገሥም። እንዲህ የሚል ሰው ይምጣና ባዶውን እጅጌዬን ይጨብጥ።

በዚህ ቻናል የምታነቧቸው ታሪኮች አብዛኞቹ በእኩለ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ ነው የሚጀምሩት። የእኔ የተጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ስለ ምሳው በሚያስብበት ሰዓት።

እኔና ታላቅ ወንድሜ አብረን ነበር የምንሠራው። «ጋሼ» ነው የምለው። እኔ መጋዙ ላይ ነኝ፤ እንጨቱን እያስተካከልኩ ለነካሾቹ አቀብላለሁ።

ነካሾቹ የምንላቸው እንጨቱን ከላይና ከታች ነክሰው በዝግታ ወደ መጋዙ የሚስቡትን ሁለት ጥርሳም ብረቶች ነው። አንዴ ከነከሱ አይለቁም... ሞተሩ ካልጠፋ በቀር።

ሞተሩ ያለው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ቺንጋው፣ ማለት የላስቲክ ቀበቶው፣ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ ይመጣና መጋዙን ያዞራል። ማጥፊያውም እዚያው ሞተሩ ጋ ነው። ጋሼ እዚያ ነበር የሚውለው። ሞተሩን ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ እንዳይግል ይጠብቃል።

መጋዙ ሲዞር የወለደችህ እናት ጆሮህ ሥር ብትጮህ አትሰማም። ድሮ በገመድ የሚጎተት ደወል ነበረን፤ እሱም ስለማይሰማ ተውነው።

ስልክ በየኪሳችን ሲገባ ጊዜ ዘዴ ፈጠርን። እኔ ማስቆም ስፈልግ እደውላለሁ። ጋሼ ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጎ ጭኑ ላይ ባለው የቱታው ኪስ ይይዛል። ሲነዝረው አያነሳም፣ አያይም። ማጥፊያውን ይጫናል። በቃ።

አለቃችን ራሱ «እናንተ ልጆች ጭንቅላት አላችሁ» ብሎ አመስግኖን ነበር።

ጭንቅላት...

ጋሼ ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ብቻውን ነው። ምን ያድርግ? ስልክ ያያል። አጫጭር ቪዲዮ። በአውራ ጣት ገፋ፣ ሳቅ፣ ገፋ፣ ሳቅ። እኔም ያው ነኝ። ረጅም እንጨት ነካሾቹ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ቀኝ እጄ ስልክ ይዟል። ቤት ስንገባም ያው ነው። እማዬ «ሁለት ወንድ ልጅ ወለድኩ፤ የማየው ግን ሁለት አናት ነው» ትለን ነበር። ቀና ብለን እንኳን አንስቅላትም።

መጀመሪያ የሆነው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን መጋዙ በመሃል ቀጥ አለ። ዞሬ ሄድኩ።

«ምነው አጠፋኸው?»

«ደወልክ እኮ።»

«እኔ አልደወልኩም።»

«እንዴ... አሁን ነዘረኝ!»

ስልኩን አውጥቶ አየው። ምንም ጥሪ የለም። ተሳሳቅን። «እርጅና ነው» አልኩት። በአራት ዓመት ነው የሚበልጠኝ።

በማግስቱ ደገመው። ከዚያ በኋላ ቀን አልዘለለም። እንጨት ግማሹ ተሰንጥቆ ግማሹ ሳይሰነጠቅ ይቆማል፤ እየተቃጠለ ጥቁር መስመር ያወጣል፤ አለቃው ይሳደባል።

ቤት ውስጥም ጀመረው። እራት እየበላን ዘሎ ይነሳና ጭኑን መታ ያደርጋል። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ነው።

«ምን ነከሰህ?» ትላለች እማዬ።

«ምንም...»

እኔ የደነገጥኩት ግን አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ቁምጣ ለብሶ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ስልኩ ማዶ ግድግዳው ሥር ተሰክቷል። ዓይኔ ጭኑ ላይ ዐረፈ።

ቆዳው ይንቀጠቀጣል።

ረዘም ያለ ንዝረት... ዕረፍት። ረዘም ያለ ንዝረት... ዕረፍት።

ስልክ ሲጠራ እንደሚያደርገው። ልክ እንደዚያው። ቆሜ ቆጠርኩለት፤ አንድ ሰው ደውሎ ተስፋ ቆርጦ የሚዘጋበትን ያህል ቆየና ጸጥ አለ።

ለእሱ አልነገርኩትም። ሐኪም ቤት ግን ወሰድኩት።

ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ነገሩን አቅልለው ነበር የሰሙት። «የታወቀ ነገር ነው» አሉን። «አእምሮ የለመደውን ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ንዝረት ስታስጠብቀው፣ ልብስህ ጭንህን ሲነካው እንኳን ‹ስልክ ነው› ብሎ ይነግርሃል። ስልክ ማየት ቀንስ። ሲነዝርህ ደግሞ አትደንግጥ። መጀመሪያ ኪስህን ዳስስ። ስልኩ ኪስህ ውስጥ ከሌለ... አእምሮህ ነው። ተወው።»

ጥሩ ምክር ነበር። ማንም ሐኪም የሚሰጠው ምክር ነው።

እጄን ያስበላኝ ይሄ ጥሩ ምክር ነው።

በዚያው ሰሞን አለቃው ጋሼን ሰው ፊት አንገቱን አንቆ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። «ካሁን በኋላ አንድ ጊዜ በከንቱ ብታጠፋው፣ ቱታህን አውልቀህ ውጣ!» አለው። እኔ መዶሻ አንስቼ ነበር፤ ጋሼ ዓይቶኝ በዓይኑ «አስቀምጥ» አለኝ። አስቀመጥኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

እና ያ ቀን መጣ። ስድስት ሰዓት ከሩብ።

የመጨረሻውን ረጅም ግንድ አስገባሁ። ነካሾቹ ያዙት። መጋዙ መጮህ ጀመረ። እኔ እንደልማዴ በግራ እጄ እንጨቱን እየደገፍኩ፣ በቀኝ እጄ ስልኬን ይዣለሁ። አንዲት ድመት ከመስታወት ጋር ስትጣላ እያየሁ ነበር። እሷን ድመት እስካሁን አልረሳኋትም።

ቀኝ ክንዴን አንድ ነገር ጎተት አደረገው።

ቀስ ብሎ... እንደሚያውቀኝ ሰው።

አየሁ። ነካሾቹ የቱታዬን እጅጌ ይዘውታል።

ሳብኩ። አልለቀቀም። ወፍራም ጨርቅ ነው፤ አይቀደድም። በግራ እጄ ጨበጥኩና ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። ነካሾቹ ግድ አልሰጣቸውም። እንጨቱንም እኔንም እኩል ይስባሉ... በዝግታ።

ስልኩ እጄ ላይ ነው! አውራ ጣቴ ሳላዝዘው ሥራውን አወቀ። «ጋሼ» የሚለውን ተጫነ።

እየጠራ ነው...

«ጋሼ! አጥፋው! አጥፋው!»

የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም።

ነካሾቹ ሥጋዬ ላይ ደረሱ። ክንዴን ሲነክሱት ውስጡ ያለው አጥንት ሲጨፈለቅ ተሰማኝ። እግሬን ማሽኑ ላይ ተክዬ ወደ ኋላ ገፋሁ። በግራ እጄ ብረቱን ደበደብኩት። አፌ ውስጥ የደም ጣዕም ሞላ፤ ምላሴን ነክሼው ነው።

አልቆመም።

ጥሪው ተቋረጠ። አውራ ጣቴ ድጋሚ ተጫነ። እየጠራ ነው...

ከማዶ ወንድሜ አለ። እጁን ቢዘረጋ ማጥፊያው እዚያው ነው። አንድ ጊዜ መጫን። አንድ ጊዜ ብቻ።

እየጠራ ነው...

ቀጥሎ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። መጋዝ እንጨትና አጥንት አይለይም። ድምፁ እንኳን አልተቀየረም። ፊቴ ላይ ሙቅ ነገር ተረጨ፤ ድንገት ነፃ ወጣሁና በጀርባዬ ወደቅኩ።

እጄ ከተሰነጠቀው ጣውላ ጋር አብሮ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ሰጋቱራው ላይ ወደቀ። ስልኩን እንደያዘ ነው።

በዓይኔ በብሌኑ ነው ያየሁት...

አውራ ጣቱ ተጫነ።

ደግሞ ተጫነ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጋሼን ፊት ነው። በላዬ ተደፍቶ ቀበቶውን ክንዴ ላይ ያጠብቃል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የሚያወራው ለእኔ አልነበረም።

«ነዝሮኝ ነበር... ነዝሮኝ ነበር... ግን ኪሴ ውስጥ አልነበረም። ዳሰስኩት እኮ። ኪሴ ውስጥ አልነበረም...»

የስልኩ ባትሪ ሊያልቅበት ስለሆነ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ሰክቶት ነበር። «ሲበራ አየዋለሁ» ብሎ። ከዚያ ቺንጋው መሽተት ሲጀምር ጀርባውን ሰጥቶ እሱን ሊያይ ዞረ። ስልኩ ማዶ ጠረጴዛ ላይ በጥሪዬ ሲበራ ሲጠፋ... ጭኑ ነዘረው። ኪሱን ዳሰሰ። ባዶ ነው። ሐኪሙ እንዳሉት አደረገ።

ተወው።

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጭኑን ምን እንደነዘረው... ይሄን እስካሁን የመለሰልኝ ሰው የለም።

እጄ ተመልሶ የሚገጠም አልሆነም። አንዲት ነርስ እየፈራች ነገረችኝ። «ስልኩን ለማውጣት ጣቶቹን መስበር ነበረብን» አለች።

ጋሼ አልጋዬ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ጋሼ። ተነስ።»

«ከልብህ?»

«ከልቤ።»

እውነቱን ልንገራችሁ? እወደዋለሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ጫማ የሚገዛልኝ እሱ ነው። ግን በዚያች ሰዓት፣ አንገቱ ዝቅ ብሎ እፊቴ ሲደፋ፣ ልገድለው ፈልጌ ነበር። ወንድሜን! መጣብኝ... ሄደ። የሄደ መሰለኝ።

ቤት ገባን። አሁን ቀለል ያለ ነገር ይመጣል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል።

የተቆረጠው እጄ አልሄደም። አያዩትም እንጂ አለ። ጣቶቼ ይሰሙኛል። ተጨምድደው ስልኩን እንደያዙ ናቸው። ስልኩ ይከብደኛል፤ ጠርዙ መዳፌን ይቆረቁረኛል። እጄን ዘርግቼ ልጥለው እሞክራለሁ፤ አይከፈትም።

አውራ ጣቴ ደግሞ ይጫናል።

ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። «አእምሮህ የእጅህን ካርታ ገና አልሰረዘውም» አሉኝ። «ብዙ የተጠቀምክበት ጣት ደግሞ ቶሎ አይረሳም። ጊዜ ስጠው።» እኚህ ሰውዬ ጥርስ ቢያመኝም አእምሮ ነው የሚሉ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና ጋሼ ሳሎን ተቀምጠናል። እሱ ሸሚዜን ይቆልፍልኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያጎርሰኝም የሚያለብሰኝም እሱ ነው። የእኔንም የራሱንም ስልክ በዚያው ቀን በመዶሻ አድቅቋቸዋል፤ ቤታችን ውስጥ ከእማዬ በቀር ስልክ ያለው የለም።

የሌለው አውራ ጣቴ ተጫነ።

ጋሼ ደንገጥ ብሎ ጭኑን ያዘ።

እኔም ደነገጥኩ። ጠበቅኩ...

ተጫነ።

ጭኑን ያዘ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። አእምሮዬ ነው» አለና ቁልፉን መቆለፍ ቀጠለ። ጣቶቹ ግን ቀዳዳውን ማግኘት አቃታቸው።

ያን ቀን እስኪመሽ ጠበቅኩት። አንድም አልተሳሳተም። እኔ ውስጥ ሲጫን፣ እሱ ላይ ይነዝራል። የሌለው እጄ ወንድሜ ጋ እየደወለ ነበር።

ልነግረው አልደፈርኩም። ምን ብዬ? አውራ ጣቴን ላቆመው ታገልኩ። ክንዴን በበረዶ ጠቀለልኩት። ግድግዳ ጋር መታሁት፤ ስፌቱ ተከፍቶ ደሙ ወረደ። አልቆመም። ጭራሽ ባሰበት።

ጋሼ መብላት ተወ። ከዚያ ነገሮችን ማጥፋት ጀመረ።

ምድጃ ያጠፋል። እማዬ ወጥ እየሠራች ያጠፋባታል። መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ። ውሃ ቧንቧውን ከሥሩ ዘጋው። የጎረቤትን ቆጣሪ ሊዘጋ ሄዶ ተደብድቦ፣ አፍንጫው ደም በደም ሆኖ ተመለሰ።

«ልጄን ምን ነካብኝ?» አለች እማዬ እየተንሰፈሰፈች።

እኔ ነኝ እማዬ... እኔ ነኝ የነካሁት። አላልኳትም።

አንድ ቀን፣ መጋረጃው ተዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሹክሹክታ ጠራኝ።

«ና... ቅረብ።»

ቀረብኩ።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«የምትደውለው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አላጠፋሁትም እኮ» አለኝ። «ለዚህ ነው የምትደውለው። አሁን ግን አጠፋልሃለሁ። ብቻ ንገረኝ... ምኑን ላጥፋ? ሁሉንም አጠፋሁት። ምኑ ነው የቀረው?»

«ምንም አልቀረም። ይቅር ብዬሃለሁ። አበቃ!»

ቀና ብሎ ክንዴን አየው። ባዶውን እጅጌ።

«እሱ ግን ይደውላል» አለ።

አቅፌው አለቀስኩ። ለእማዬም «ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅይ» አልኳት። ቢላውን ሁሉ ደበቅን። የአባታችን የእንጨት መሥሪያ ሳጥን ግን አልጋ ሥር እንዳለ ሁለታችንም ረሳነው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። እማዬ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። እኔ ሳሎን ነኝ። አውራ ጣቴ ዕረፍት አጥቷል፤ ይጫናል፣ ይጫናል፣ ይጫናል።

ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ።

ጧ።

ሚስማር የሚመታ ነው የመሰለኝ።

ጧ።

ግን እንጨት ላይ ሲመታ የሚሰማ ድምፅ አይደለም። ረጠብ ያለ ነው...

በሩን በእግሬ ከፈትኩት።

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሱሪውን አውልቋል። በግራ እጁ የአባታችንን መሮ ጭኑ ላይ ተክሎ፣ በቀኙ መዶሻ ይዟል። ደሙ በጉልበቱ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወለሉን ሞልቶታል። ፊቱ ላይ ግን ሕመም የለም። አንድ ብሎን እንደሚፈታ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ጠጋ ብሎ ያያል።

«አገኘሁት» አለኝ። «ማጥፊያው እዚህ ውስጥ ነው።»

ጧ።

ዘልዬ ያዝኩት። በአንድ እጅ ምን ይያዛል? መዶሻውን ስይዝ መሮውን ይገፋል፣ መሮውን ስይዝ መዶሻውን ያነሳል። በደሙ ተንሸራትተን ወለሉ ላይ ወደቅን። በክርኑ አፌን መታኝ። ጥርሴ ተነቀለ። ነከስኩት። ወንድሜን እንደ ውሻ ነከስኩት፣ መሮውን እንዲለቅ ብዬ። እሱ ግን «ትንሽ ብቻ... ትንሽ ነው የቀረኝ...» ይላል እንጂ አይመልስልኝም።

ያን ሁሉ ጊዜ አውራ ጣቴ አልቆመም። በተጫነ ቁጥር ቁስሉ ውስጥ ሥጋው ይንቀጠቀጣል። አየሁት። ረዘም ያለ ንዝረት... ዕረፍት።

የእማዬ ጩኸት ነው ጎረቤት የጠራው። አራት ጎልማሶች ተረባርበው ነው ያስለቀቁት።

ተረፈ። ጭኑ ውስጥ ከሥጋና ከአጥንት በቀር ምንም አልተገኘም።

አሁን ወደ መጨረሻው መጣሁ። እጄ ደክሟል፤ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የሐኪም ቤቱ ክፍል በመስኮት በሚገባ ፀሐይ ተሞልቷል። ጋሼ አልጋው ላይ ነው፤ እግሩ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። እማዬ ሾርባ ልታመጣ ወጣች። እኔ ወንበር ላይ ነኝ። ጋሼ ዓይኑን ገለጠ።

«ቆመ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ንዝረቱ። ቆሟል...»

ያኔ ነው እኔም ያስተዋልኩት። አውራ ጣቴ ጸጥ ብሏል።

ጸጥታው ደስ ሲል! ከዚያ የተጨመደዱት ጣቶቼ አንድ ባንድ ተፈቱ። ስልኩ ከመዳፌ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ወደቀ። ቀለለኝ። እጄ... የሌለው እጄ... ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነ።

ሳቅኩ። ጋሼም ሳቀ። ጥርሴ መውለቁን አይቶ ደግሞ ባሰበት። እየሳቅን አለቀስን። «ቤት እንግባና ዶሮ ቤት ሠርተን እንሽጥ» አለኝ። «በሦስት እግርና በሦስት እጅ» አልኩት። «እኔ እኮ እግሬ አልተቆረጠም አንተ!» አለኝ። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ከመቼ ወዲህ ነው?

እጄ ተዘረጋ።

እኔ አልዘረጋሁትም። ዝም ብሎ ተዘረጋ። ሲፍታታ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ተጨበጠ።

አንድ ነገር ላይ። ሙቅ ነው። ለስላሳ። ያልተላጨ ጺም መዳፌን ይቆረቁረዋል። ከአውራ ጣቴ ሥር ደግሞ አንድ ነገር ይመታል... ትር። ትር። ትር።

ጋሼ ሳቁን አቋረጠ።

ሁለት እጁን ወደ አንገቱ ላከ። ከአንገቱ ላይ አንድ ነገር ሊያላቅቅ ይታገላል፤ የሚያላቅቀው ነገር ግን የለም። የአንገቱ ቆዳ በአንድ በኩል አራት ቦታ፣ በሌላው በኩል አንድ ቦታ ጎደጎደ። ዓይኑ ፈጠጠብኝ።

«ልቀቀኝ...»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ!»

«ልቀ...ቀኝ... ወንድሜ...»

በሙሉ ኃይሌ ጣቶቼን ልከፍት ሞከርኩ። የሌሉትን ጣቶች። ይብስ ጠበቁ። «ነርስ!» ብዬ ጮህኩ። ክንዴን በግራ እጄ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩ፤ ጋሼ ከትራሱ ላይ ብድግ አለ። አብሮ ተጎተተ!

ከራቅኩት ይለቀዋል ብዬ ሮጥኩ። በእናቴ እምላለሁ፣ ለዚህ ብቻ ነው የሮጥኩት። ኮሪደሩን አቋርጬ፣ ነርሷን ገፍትሬ «ግቢ! ወንድሜን አድኚው!» ብያት፣ ደረጃውን ወርጄ ግቢው ውስጥ ወጣሁ። እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ሮጥኩ።

አልለቀቀም።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ስልካቸውን ያያሉ። አንድም ቀና ያለ የለም። እኔ አጥሩ ሥር ተንበርክኬ «ተው... ተው... እባክህ ተው...» እላለሁ፤ ለራሴ እጅ።

ትር... ትር...

ትር...

ቀጣዩን ጠበቅኩ። አልመጣም።

ከላይ፣ ከመስኮቱ፣ ነርሷ ስትጮህ ሰማሁ። ቀጥሎ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ።

የሌለው እጄ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ወደ እኔ ተመለሰ። ሥራውን ጨርሶ እንደሚወጣ ሰው፣ ጭኔ ላይ አንድ ጊዜ ራሱን ጠረገ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ግራጫው ሱሪዬ ላይ አራት እርጥብ የጣት መስመሮች ነበሩ። ፀሐዩ ላይ አንድ ባንድ ደረቁ።